ጉርሻ፣ የጾም ኬክና የልጄ አለርጂ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ7 ዓመት ልጄ ለወተት፣ ለእንቁላል፣ ለለውዝና ለሰሊጥ አለርጂ እንዳለበት ሐኪም ካረጋገጠልን 4 ዓመት ሆኖናል። ቤታችን ውስጥ ተጠንቅቀን እንኖራለን። ችግሩ የሚጀምረው ማኅበር፣ ክርስትና ወይም ልደት ተጠርተን ስንሄድ ነው። አንዱ «የጾም ነው፣ ምንም የለበትም» ይለኛል፤ ሌላው ዞር ስል ያጎርሰዋል፤ እናቴ ደግሞ «ትንሽ ትንሽ ቢቀምስ ይለምደዋል» ትላለች። አሁን አሁን ፈርቼ ከጥሪ መቅረት ጀምሬአለሁ። በሚመጣው ወር ልደቱን ላከብርለት አስቤአለሁ፤ እሱም የሚበላው፣ እንግዳም የሚወደው ኬክ ይገኝ ይሆን?
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ውድ እኅቴ፤ የእኔም ሴት ልጅ ለወተትና ለእንቁላል አለርጂ ስላለባት ጥሪ መፍራት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ይሁን እንጂ ከጥሪ እንዲቀሩ አልመክርዎትም። ልጅዎ ከዘመድ ወዳጅ ማዕድ ርቆ ማደግ የለበትም፤ የሚጠነቀቅበት ነገር ስላለ ግን ጠሪዎቹ አስቀድመው፣ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

«የጾም ነው» የሚለው አነጋገር ለእርስዎ ልጅ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የጾም ምግብ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ስለማይገባበት ከአራቱ ሁለቱን ያስቀርልዎታል። ነገር ግን ቅቤ በሌለበት ምግቡን የሚያጣፍጡት የቅባት እህሎች ስለሆኑ የሰሊጥ ፍትፍቱ፣ የለውዝ ቅቤው፣ ከቆሎው ጋር የተቀላቀለው ለውዝ በጾም ወቅት ይበዛሉ እንጂ አይቀንሱም። በዚያ ላይ የፍስክ ወጥ የተማሰለበት ማማሰያ ሳይታጠብ ወደ ምስር ወጡ ከገባ ምስሩ በስም የጾም ቢሆንም ለልጅዎ የጾም አይደለም። «ቅቤውን አንጥሬዋለሁ» የሚል መልስም አይቀበሉ፤ ቅቤ ሲነጠር አብዛኛው የወተት ፕሮቲን ዝቃጭ ሆኖ ይወገዳል፣ የሚቀረው ጥቂቱ ግን አለርጂ ላለበት ልጅ ሊበቃ ይችላል። «እኔንም ወተት ሆዴን ይነፋኛል» የሚሉ ሰዎች የልጅዎን ሕመም በራሳቸው ሊመዝኑት ስለሚችሉ ልዩነቱን ማስረዳት ይኖርብዎታል። የእነርሱ ችግር የወተት ስኳር አለመፈጨት ሲሆን ያስቸግራል እንጂ ለሕይወት አያሰጋም፤ አለርጂ ግን ሰውነት ፕሮቲኑን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲቆጣ የሚመጣ ስለሆነ ትንፋሽ ሊያሳጥር፣ የደም ግፊትንም በድንገት ሊያወርድ ይችላል።

ከሁሉ ይበልጥ የምፈራው ጉርሻን ነው። ልጄ 4 ዓመቷ ሳለ አንድ ክርስትና ቤት ሄደን ነበር። ሽሮው በዘይት ብቻ መሠራቱን፣ ድስቱም ለብቻው መሆኑን ጠይቄ አረጋግጬ አስቀመጥኋት። አንዲት የምናከብራቸው እናት የዶሮውን እንቁላል ቆርሰው ለእንግዳ ካካፈሉ በኋላ በዚያው እጃቸው ከሽሮው ጠቅልለው አጎረሷት። ደቂቃዎች ሳይቆዩ ከንፈሯ አበጠ፣ አንገቷ ላይ ሽፍታ ወጣ፣ ማሳል ጀመረች፤ የአለርጂ ቁጣን በድንገት የሚያበርደውን የኢፒነፍሪን መርፌ ጭኗ ላይ የወጋሁት እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። እኒያ እናት ከእኔ ይልቅ አለቀሱ፤ ያጎረሷት ወድደዋት ነበርና። ስለ ሽሮው ሁሉን ጠይቄአለሁ፤ ስለ እጅ ግን ማንንም አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ጠሪዎቻችንን በስልክ የምለምነው ይህንን ነው፦ «የራሷን ምግብ ይዘን እንመጣለን፤ ማጉረስ የሚፈልግ ሰው እጁን በሳሙና ታጥቦ ከራሷ ሳህን ያጉርሳት።» አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል በሚባልበት ማዕድ ላይ ሙሉ በሙሉ እንቢ ማለት ለልጁም ለአጉራሹም ከባድ ስለሆነ ይህ መንገድ ለሁለቱም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ሳሙናው ግን የግድ ነው። በማስታጠቢያ የሚፈስ ውኃ ብቻውን ሁልጊዜ አያጸዳም፤ በእጅ የሚቀባው የአልኮል ጄል ጀርም ቢገድልም የለውዝን ፕሮቲን ከእጅ አያስወግድም።

እናትዎ የሚሉት ከምንም ተነሥቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የለንደን ጥናት እንዳሳየው፣ አለርጂ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሕፃናት ከ4 እስከ 11 ወር ዕድሜ ላይ ሆነው ለውዝ ያለበት ምግብ ሲጀምሩ በለውዝ አለርጂ የሚያዙት በእጅጉ ያነሱ ነበሩ። ሆኖም ያ ሕመሙ ሳይመጣ ለመከላከል ነው። አለርጂው ከተረጋገጠ በኋላ ቀስ በቀስ የማለማመድ ሕክምና ቢኖርም የሚሰጠው በአለርጂ ሐኪም ቁጥጥር እንጂ በወጥ ቤት ማንኪያ አይደለም። እናትዎን ወደ ሐኪሙ ይዘዋቸው ቢሄዱ ከእርስዎ ቃል ይልቅ የእርሱን ይሰማሉ።

ሁለት የኢፒነፍሪን መርፌዎች ልጁ ባለበት ሁሉ ይኑሩ፤ መኪና ውስጥ አይተዉአቸው። ትንፋሹ ካጠረ፣ ደጋግሞ ካስታወከ ወይም ከዛለ በጭኑ ውጫዊ ጎን፣ በልብሱም ላይ ቢሆን፣ ይውጉትና 911 ይደውሉ፤ የማሳከክ መድኃኒት መርፌውን አይተካም።

የታሸገ ምግብ ሲገዙ፣ ሰሊጥ በአሜሪካ በሕግ በግልጽ መጻፍ ካለባቸው አለርጂ አምጪዎች ተርታ ዘጠነኛ ሆኖ የገባው እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ መሆኑን ያስታውሱ። የሚያሳዝነው፣ አንዳንድ ዳቦ አምራቾች መስመራቸውን ከሰሊጥ ከማጽዳት ይልቅ ቀድሞ ሰሊጥ ባልነበረበት ዳቦ ላይ ጨምረው ስሙን መጻፍን መርጠዋል፤ ስለዚህ ለዓመታት የሚያውቁትን ዳቦ እንኳ እንደገና ያንብቡ። ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣው ሽሮና በርበሬ ደግሞ ምንም ጽሑፍ የለውም፤ ወፍጮ ቤት ከእርሱ በፊት የማን ለውዝ እንደተፈጨ ማወቅ አይቻልም። እኔ ሽምብራውን ገዝቼ ቤቴ እፈጫለሁ።

ኬኩን በተመለከተ፣ የጾም ኬክ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። 1 ተኩል ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የካካዎ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አብረው ይንፉ። 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላና 1 ኩባያ ውኃ ጨምረው ዱቄቱ እስኪዋሐድ ብቻ ያማስሉ። አቼቶውና ሶዳው እንደተገናኙ አረፋ ማውጣት ስለሚጀምሩ፣ ኬኩን የሚያነሣውም ያ አረፋ ስለሆነ፣ ሊጡን ሳያቆዩ በ350 ዲግሪ ፋራናይት በጋለ ምድጃ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይጋግሩት። የኬክ ዱቄት ስኳርን በብርቱካን ጭማቂ በጥብጠው ከላይ ቢያፈሱበት ክሬም አያስፈልገውም። ሌላ ነገር መጋገር ቢፈልጉ በእንቁላል ምትክ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ በጥብጠው እስኪይዝ 10 ደቂቃ ያቆዩት፤ ይህ እንደ አንድ እንቁላል ያያይዛል። ተልባውም ሰሊጥ ከሚፈጭበት ወፍጮ ያልመጣ ይሁን።

ለእንግዳው ሌላ ኬክ አይግዙ። ቢላዋው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ ልጁም በገዛ ልደቱ ለብቻው ሲበላ ይታያል።

ጥያቄ፦ ለስንዴና ለለውዝ አለርጂ አለብኝ። ውጭ ስበላ እንጀራ ብቻ ብበላ ይበቃል?
ወጣት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጤፍ ስንዴ አይደለም፤ ግሉተንም የለውም። ነገር ግን የሚሸጥ እንጀራ ሁሉ የጤፍ ብቻ ስላልሆነ «ምን ተቀላቅሎበታል?» ብለው ይጠይቁ፤ የስንዴ ቂጣ በዚያው ምጣድ ይጋገር እንደሆነም አይለፉት። ቤትዎ ዳቦ ቢያምርዎ የጤፍ ዱቄት ብቻውን ስለሚፈረፈር ጥቂት ቡላ ይቀላቅሉበት። ስለ ለውዝ ግን የሚከተለው የመጀመሪያዋን ጠያቂያችንንም ይመለከታል፦ አብሽና ግብጦ የለውዝ ዘመዶች ስለሆኑ ለውዝ የሚያስቆጣቸውን አንዳንድ ሰዎች እነርሱም ያስቆጧቸዋል። ግብጦ ለይቶ መተው ቀላል ነው፤ አብሽ ግን በቅቤ ማንጠሪያው ቅመም ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ ሐኪምዎ ምርመራ ሲያደርግልዎ በስሙ ጠርተው ያስመርምሩት።