ከረባት የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ከረባት የፈረንሳይኛ ቃል ነው ይባላል። እውነት ነው? ትርጉሙስ?

መልስ፦ አዎ፣ መነሻው «ክራቫት» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ደስ የሚለው ግን መጀመሪያ የልብስ ሳይሆን የሕዝብ ስም መሆኑ ነው፤ «ክሮኤሽያዊ» ማለት ነው። እነሱም ራሳቸውን «ህርቫት» ይላሉ፣ ድምፁ መመሳሰሉን ልብ በሉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1618–1648) ጊዜ ለፈረንሳይ ተቀጥረው የተዋጉ የክሮኤሽያ ወታደሮች አንገታቸው ላይ ጨርቅ ያስሩ ነበር፤ ፈረንሳዮቹ አይተው ወደዱትና ጨርቁን በባለቤቶቹ ስም ጠሩት። በሉዊ 14ኛ ዘመን ቤተ መንግሥትም ገባ። ያኔ ግን አንገት ላይ የሚጠመጠም ሰፊ ጨርቅ ነበር። ረጅምና ቀጭን የሆነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።