ሥራ ልልቀቅና የእናቴን ቤት ለእንግዳ ላከራይ?

ከልደታ የጻፈችልኝ እህታችን ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆና ሦስት ዓመት ሠርታለች። እናቷ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ያከራያሉ። ተከራዩ ሊወጣ ነው። «ዕቃ አሟልተን ለእንግዳ በቀን እናከራየው፤ ሥራዬን ለቅቄ እኔ ላስተዳድረው?» ትላለች።

እህቴ፣ አሁን አትልቀቂ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ለተከራይ ትልቅ እፎይታ ነው። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ጭማሪውንም የሚወስነው ተቆጣጣሪው አካል ነው። አሥር ቤት ያለው አከራይ ይህን ይችለዋል። እናትሽ ግን ያላቸው አንድ ቤት ነው። ቀለምና የቧንቧ ዕቃ ሲወደድ ኪራዩ ባለበት ከቆመ፣ ጉድለቱ የሚሞላው ከእሳቸው ጓዳ ነው።

ስለዚህ ብዙ ሰው እንዳንቺ ወደ «በቀን» ያያል። አዋጁ ሆቴልንና የእንግዳ ማረፊያን አይመለከትም። ግን ልብ በይ፤ ከዚያ አዋጅ ስትወጪ ንግድ ውስጥ ትገቢያለሽ። እናትሽ ዛሬ የኪራይ ገቢ ግብር የሚከፍሉት በሠንጠረዥ «ለ» ነው። የእንግዳ ማረፊያ ሲሆን ንግድ ፈቃድ፣ የብቃት ማረጋገጫና ደረሰኝ ይመጣል፤ ግብሩም ወደ ሠንጠረዥ «ሐ»፣ ማለትም ወደ ንግድ ገቢ ግብር ይዞራል። ቤት በኢንተርኔት ለእንግዳ በሚከራይበት ኤርቢኤንቢ ላይ ፎቶ መለጠፍ ፈቃድ አይሆንም።

ከወረቀቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ጎረቤት ነው። የማማክራት አንዲት ልጅ እንዳንቺው ጀምራ ነበር። እንግዳዋ ሌሊት ስምንት ሰዓት ከቦሌ አየር ማረፊያ መጣ። ዘበኛው «የማን ቤት ነህ?» ብሎ አላስገባውም። የእሷ ስልክ ቻርጅ ጨርሶ ጠፍቷል። ሰውየው በር ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ አነጋ። ጠዋት የብሎኩ ኮሚቴ ጠራት። ዘበኛው የታዘዘውን ነው ያደረገው፤ አልፈርድበትም። በየሌሊቱ የማታውቀው ሰው ደረጃ ሲወጣ የምትሰማ ልጅ ያላት ጎረቤትም ብትፈራ እውነቷን ነው። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የባለቤቶች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ አለው። ደንቡን ከኮሚቴው ተቀብለሽ ከዳር እስከ ዳር አንብቢው።

ገቢውንም በደንብ አስቢው። ለገና፣ ለጥምቀት፣ በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲሆን ቤት ይፈለጋል። የጥር ገቢ ታይቶ ግን ሥራ አይለቀቅም። አንድ ቤት ለሦስት ሳምንት ባዶ ከተቀመጠ መቶ በመቶ ባዶ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ደላላ ተከራይ ያመጣል፣ ኮሚሽኑን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ባለቤት የለውም። ውል ማስመዝገብ፣ የግብር ቀን አለማሳለፍ፣ ሮቶው ሳይደርቅ ማየት፣ ተከራይ ሲገባና ሲወጣ ዕቃውን ቆጥሮ መፈራረም። እንደ እናትሽ ያሉ ባለ አንድ ቤት አከራዮች የቸገራቸው ይህ ነው። አንቺ ደግሞ ሦስት ዓመት ሆቴል ውስጥ የሠራሽው ለዚህ የሚቀርብ ሥራ ነው። የቤት አስተዳዳሪነት ሙያ ነው፤ የሚከፍልም አለ።

ስለዚህ የእናትሽን ቤት ዕቃ አሟልተሽ በሕጋዊ የሁለት ዓመት ውል አከራዪ። ልደታ ለአፍሪካ ኅብረት ቅርብ ነው፤ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ሠራተኛ ፈልጊ። ከዚያ በዕረፍት ቀንሽ የሁለት ወይም የሦስት ጎረቤት ቤት በወርኃዊ ክፍያ ያዢ። ከባለቤቶቹ ጋር የጽሑፍ ውል ይኑርሽ፤ «ለዘመድ» ተብሎ በነፃ አይጀመርም። ክፍያው ከደመወዝሽ ግማሽ ሲደርስ ስለ መልቀቅ እንነጋገራለን።

በቀን ማከራየቱ ከልብሽ ካልወጣ ደግሞ፣ አልጋ ከመግዛትሽ በፊት ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ለመኖሪያ በተሰጠ ኮንዶሚኒየም ላይ የእንግዳ ማረፊያ ፈቃድ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቂ። የሚነግሩሽን በወረቀት እንዲሰጡሽ ለምኚያቸው። ከዚያ መልሰሽ ጻፊልኝ።