መልስ፦ ለሚዞር የኮንቴይነር ቢሮ አንድ የኤሌክትሪክ ምስክር ወረቀት ይበቃል?

ወንድሜ፣ አዳማ ውስጥ ከሳይት ሳይት ለሚዞርና አንዴ ከመስመር አንዴ ከጀነሬተር ለሚሠራ ቢሮ አንድ ወረቀት አይበቃም። ግን ሁሉንም እንደ አዲስ መፈተሽ የለብህም፤ ለሁለት ክፈለው፦ የውስጥ ሽቦው አንዴ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ከኃይል ምንጩና ከኧርዙ (ከመሬት ማያያዣው) ጋር የተያያዘው ደግሞ በየሳይቱ።

የውስጥ ሽቦው ወርክሾፕ ውስጥ ያልቃል፦ የኧርዝ ሽቦ አለመቋረጥ፣ ፖላሪቲ (ፌዝና ኒውትራል በየቦታቸው መሆናቸው)፣ በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ቢያንስ 1 ሜጋኦም ኢንሱሌሽን። የኮንቴይነሩ ብረት ራሱ ከኧርዝ ባር ጋር ይታሰር። የእያንዳንዱን ሰርኪዩት የፌዝና የኧርዝ ሽቦ ድምር ሬዚስታንስ ወረቀቱ ላይ ጻፍ፤ በአዲሱ ሳይት የምትለካውን የውጭ ሉፕ ኢምፒዳንስ (ብልሽት ሲኖር ከረንቱ ከምንጩ ወጥቶ በኧርዝ የሚመለስበት መንገድ ተቃውሞ) ስትጨምርበት ጠቅላላውን የሉፕ ኢምፒዳንስ ታገኛለህ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጀነሬተሩ ላይ ነው። ኒውትራሉ ከኧርዝ ጋር ካልታሰረ ለሚያፈተልከው ከረንት መመለሻ መንገድ የለውም። አርሲዲው (ከረንት ሲያፈተልክ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው መከላከያ) የ«ቴስት» ቁልፉን ስትጫነው ይቆርጣል፤ ብረቱ ሲነዝር ግን ዝም ሊል ይችላል፣ ምክንያቱም ቁልፉ የሚሞክረው የራሱን አሠራር እንጂ ኧርዙን አይደለም። ስለዚህ በመለኪያ ሞክረው፤ የ30 ሚሊአምፒር አርሲዲ በ300 ሚሊሰከንድ ውስጥ መቁረጥ አለበት። ቼንጅ ኦቨሩም (ከመስመር ወደ ጀነሬተር የሚቀይረው ማብሪያ) ኒውትራሉን አብሮ የሚቀይር ይሁን።

የኧርዝ ዘንጉን (መሬት ውስጥ የተተከለውን ብረት) በበጋ ለካው፤ አፈሩ ሲደርቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ከ200 ኦም ካለፈ ሁለተኛ ዘንግ ጨምር።