ስሙ የለም፣ ሊንኩ ግን ይሠራል

«የአንድ አጭበርባሪ ዶሜይን (የድረ ገጹን ስም) በሜይል ሰርቨራችን የታገዱ ስሞች ዝርዝር ውስጥ ካስገባሁ ሰንብቷል። ኢሜይሉ ግን አሁንም ያልፋል። ጥሬ ጽሑፉን ከፍቼ ስሙን ብፈልግ አጣሁት። ሊንኩ ሲጫኑት ግን ቀጥ አድርጎ እዚያው ይወስዳል። ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ ደርሶኛል።

ማጣሪያዎ የሚያየው ጥሬውን ጽሑፍ ነው። ብራውዘሩ የሚያየው ደግሞ የተፈታውን። አጭበርባሪው በሁለቱ መሀል ይሾልካል። ስለዚህ ማጣሪያው ብራውዘሩ እንደሚፈታው አድርጎ ፈትቶ፣ ስሙን ከዚያ በኋላ ነው መፈለግ ያለበት።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የኢሜይሉን ጥቅል፣ ማለትም ጽሑፉ ለመላክ የተቀየረበትን ኮድ ነው። ጽሑፉን ወደ ሌላ የፊደላትና የቁጥሮች ድርድር በሚቀይረው በቤዝ64 ከተላከ ስሙ በዓይን አይገኝም። ኮትድ ፕሪንተብል የሚባለው ሌላው የኢሜይል ኮድ ከሆነ ደግሞ አንድ መስመር ከ76 ካራክተር አይበልጥም። ረዘም ያለው በ«=» ተቆርጦ ወደ ታች ይወርዳል። መቁረጫው ዶሜይኑ መሀል ላይ ካረፈ ግማሹ ላይ፣ ግማሹ ታች ይቀራል፤ ሙሉ ስም የሚፈልገው ማጣሪያም አለፈው ማለት ነው። ለዚህ ተንኮል እንኳ አያስፈልግም፣ አንዳንዴ እንዲሁ ይገጥማል።

ጥቅሉ ከተፈታ በኋላ ኤችቲኤምኤሉ (የኢሜይሉ ገጽ የተጻፈበት ኮድ) ይቀጥላል። የዶሜይኑ ነጥብ «.» ተብላ ልትጻፍ ትችላለች። ከዚያ ወደ አድራሻው ይግቡ፤ እዚያ «%61» ማለት የላቲኗ ትንሿ «a» ናት። ቅደም ተከተሉን አያዛቡት።

አሁን የ«@» ነገር። ከ«//» በኋላ፣ ከሚቀጥለው «/»፣ «?» ወይም «#» በፊት «@» ካለ፣ ከፊቱ የተጻፈው የተጠቃሚ ስም እንጂ ዶሜይን አይደለም። የታወቀ ባንክ ስም እዚያ ቢለጠፍም ሊንኩ የሚሄደው ከ«@» ቀጥሎ ወዳለው ነው። ከእነዚህ ምልክቶች ወዲያ የመጣ «@» ግን ምንም ማለት አይደለም፤ እሱን ካገዱ ጤነኛ ሊንክ ይመታሉ።

ዶሜይኑ ቁጥር ብቻ ከሆነስ? 3221225985 ማለት 192.0.2.1 ነው፤ ብራውዘሩ ራሱ ይቀይረዋል። እንዲህ ያለውን ሳላመነታ አግዳለሁ። ጤነኛ ላኪ አድራሻውን እንዲህ የሚጽፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ላቲን የሚመስሉ የሲሪሊክ (ሩሲያኛ የሚጻፍባቸው) ፊደላትም አሉ። ዶሜይኑን ወደ ፑኒኮድ፣ ማለትም ላቲን ያልሆኑ ስሞች በተራ የላቲን ፊደላትና ቁጥሮች ወደሚጻፉበት ስልት ቀይረው ያወዳድሩ፤ ልዩነቱ ፍንትው ይላል። በስሙ መሀል የሚሰገሰግ የማይታይ ሰረዝም አለ። ብራውዘሩ ይጥለዋል፣ እርስዎም ይጣሉት።

በሚታየው ጽሑፍና በእውነተኛው ሊንክ መካከል ልዩነት ሲያዩ ግን ቶሎ አያግዱ። እኔ አንዴ አግጄ ጉድ ሆኛለሁ። ብዙ ድርጅቶች ሊንካቸውን ማን እንደተጫነው በሚቆጥር ሌላ ዶሜይን በኩል ስለሚያሳልፉ፣ ሰው የሚጠብቀው ሜይል ሁሉ ታገተ። አሁን የጥርጣሬ ነጥብ ብቻ እጨምርበታለሁ።

ይህን ሁሉ በሬጌክስ (ጽሑፍን በቅርጹ በሚፈልግ ቀመር) ለመሥራት አይድከሙ። አድራሻን እንደ ብራውዘር የሚተነትን ላይብረሪ (የተዘጋጀ ኮድ) ይጠቀሙ። ሲጨርሱ አንድ የሙከራ ዶሜይን ያግዱና በእነዚህ መንገዶች ሁሉ ጽፈው ለራስዎ ይላኩ። ወደ ኢንቦክስ የገባው የቱ ጋ ቀዳዳ እንደቀረ ይነግርዎታል።