ፋርማሲውን ሳትለቂ አልበሙን ሥሪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜሽ 27 ነው፤ ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የግል ፋርማሲ አምስተኛ ዓመትሽን ይዘሻል። ከልጅነትሽ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት ዘምረሻል፤ ጊታሩን ግን ያለ አስተማሪ ለብቻሽ ተማርሽው። ስለ እምነት፣ ስለ ጥርጣሬ፣ በታንኳ ከዘጌ እንጨት ሲያመላልስ ጣና ላይ ስለቀረው አባትሽ የጻፍሻቸው ዘጠኝ ዘፈኖች አሉሽ። እነዚህን ያለ አሳታሚ፣ በራስሽ ገንዘብ፣ የሮክ አልበም ልታደርጊያቸው ትፈልጊያለሽ። ለዚህም ሥራሽን ለቅቀሽ አዲስ አበባ ለመግባት አስበሻል። እናትሽ ያለቅሳሉ። ወንድምሽ በቅርቡ የሚደርስሽን የ200 ሺህ ብር ዕቁብ ለባጃጅ መግዣ ይፈልገዋል። አንድ አቀናባሪ ደግሞ «ክፍያ አልፈልግም፤ ዜማው በእኔ ስም ይሁን» ብሎሻል።

ሥራሽን አትልቀቂ።

ይህን የምልሽ ዘፈኖችሽን አቅልዬ አይደለም። በደብዳቤሽ መጨረሻ ያሰፈርሻቸው ሁለት ስንኞች ከሳምንት በኋላም ከጆሮዬ አልወጡም፦

«ሐይቁ ዳር ቆሜ ሁለት ስም ጠራሁ፣
አባቴም ዝም አለ፣ አንተንም ፈራሁ።»

በቅኔ አገር ማደግሽ ያስታውቃል። «አባቴ» ያልሽው ሐይቁ የወሰደውን ነው ወይስ የሰማዩን? «አንተ» የተባለውስ ራሱ ሐይቁ ቢሆን? መልሱን ሳትሰጪ መተውሽ ትልቅ ነገር ነው። ይህን የጻፈችው ግን የወሩ መጨረሻ የማያስደነግጣት ሴት ናት። ያቺ ሴት አዲስ አበባ ከገባች በኋላ ምን ትሆናለች የሚለው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እኔ በ24 ዓመቴ የመምህርነት ሥራዬን ትቼ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ኪቦርድ ተጫዋች ሆኜ ነበር። የወጣሁት የራሴን ዜማ ልሠራ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም አልጨረስኩም። የምጫወተውን የሚመርጠው የሆቴሉ ባለቤት ነበር፤ እሱም የሚመርጠው የጠጪውን ፊት እያየ ነው። ጥር ላይ ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረብና ጣት እስኪዝል ይሠራል። ዓቢይ ጾም ሲገባ ሠርጉም ጭፈራውም ያበቃል፤ 55 ቀን ሙሉ የሚከፍል ሰው የለም። በአራተኛው ዓመት ጾም ኪቦርዴን ሸጬ የቤት ኪራይ ከፈልኩ። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ዜማ መጻፍ የቻልኩት ወደ ትምህርት ተመልሼ በወር ደመወዝ ማደር ከጀመርኩ ወዲህ ነው።

አንቺም አዲስ አበባ ከገባሽ ለኪራይ ስትዪ በምሽት ክበብ የሌላ ሰው ዘፈን ትዘፍኛለሽ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቤትሽ ገብተሽ እስከ ቀትር ትተኛለሽ። ስለ እግዚአብሔር ዝምታ የምትጽፊው በየትኛው ሰዓት ነው? ከኢንተርኔት ገንዘብ አገኛለሁ የሚለውን ተስፋሽንም አይቼዋለሁ። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢውን ለማካፈል ቢያንስ 1000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ የ4000 ሰዓት ዕይታ ይጠይቃል። በዚህ ላይ ተማምኖ የሚያድር ሰው ሁለት ወር ሳይሞላው ዘፈኑን ለተመልካች ብዛት ሲል ማጣመም ይጀምራል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስቢያቸው። የመጀመሪያው የፒያኖ ሸክላቸው ጀርመን ውስጥ የወጣው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ ገቢውን ለወላጅ አልባ ልጆች አዋሉት። ዓለም በስፋት የሰማቸው ግን ከዚያ አርባ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ። ኑሯቸው የመነኩሲት ኑሮ ስለነበር ዜማው እንጀራ እንዲያመጣ አልተገደደም፤ ለዚህም ይመስለኛል ማንንም ለማስደሰት የሚቸኩል ድምፅ የማይሰማበት። ለአንቺ ያንን ነጻነት የሚሰጥሽ የፋርማሲው ደመወዝ ነው።

«ሥራዬ ጊዜ አይሰጠኝም» ብለሻል። ይሰጥሻል፤ አልጠየቅሽም እንጂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ደንግጓል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ይህ ሦስት ሳምንት ያህል ነው፤ ለድራሙ ከበቂ በላይ ነው። በሮክ አልበም ውስጥ ውዱና አስቸጋሪው ድራሙ ነው፤ ሰፊ ክፍል፣ ብዙ ማይክሮፎንና በሰዓት የሚከፈልበት ስቱዲዮ ይፈልጋል። አዲስ አበባ የምትሄጂው ለዚያ ብቻ ይሁን። ከመሄድሽ በፊት ዘጠኙንም ዘፈን ፍጥነቱን በሜትሮኖም (በምት መቁጠሪያ) ወስነሽ፣ ጊታርና ድምፅሽን በስልክ ቀድተሽ ለድራም ተጫዋቹ ላኪለት። አጥንቶት የመጣ ተጫዋች ሥራውን በጥቂት ቀናት ይጨርሳል፤ ስቱዲዮ ውስጥ መማር የሚጀምር ደግሞ ዕቁብሽን ይበላዋል።

ቀሪው ባሕር ዳር ይሠራል። ቤዝና ጊታሩን ቤትሽ ሆነሽ በአንድ የድምፅ ካርድ ወደ ኮምፒውተር ቅረጪ። መብራት ሲጠፋ የቀረጽሽው አብሮ እንዳይጠፋ ላፕቶፕ ይሁን። ድምፅሽን ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቅለሽ፣ ሌሊት መንገዱ ጸጥ ሲል ቅረጪው። የተቀረጹትን ድምፆች በማመጣጠኑና የመጨረሻ ቅርጽ በማስያዙ (በሚክሲንግና በማስተሪንግ) ላይ ግን አትቆጥቢ፤ ለባለሙያ ክፈዪ። ሦስት ሦስት ዘፈን እያጠናቀቅሽ ሂጂ። ዓመት ተኩል ቢፈጅ ምን ይጎድልብሻል? አባትሽን ለመቅበር ያልተቻኮልሽ ለዘፈኑ አትቸኩዪ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበልሽ፤ በላክሽልኝ ቅጂ ላይ ጊታሩ ድምፅሽን ይውጠዋል። ድምፁን በሚያሻክረው በዲስቶርሽን ሙሉ ኮርድ ስትመቺ ድምፆቹ ይጨቃጨቃሉ። የኮርዱን መነሻና አምስተኛ ድምፅ ብቻ ያዢና ሦስተኛውን ለጉሮሮሽ ተዪለት። ያን ጊዜ የትዝታ ቅኝቱ ሜጀር (ተስፋ የሚሰማበት) ይሁን ማይነር (ሐዘን የሚሰማበት) የሚወስነው ዝማሬሽ ይሆናል፤ በአንድ ዘፈን ውስጥ ከተስፋ ወደ ሐዘን መሻገር ስትፈልጊ ጊታሩ አይከለክልሽም።

እናትሽ የጊታሩን ጩኸት «የተቀደደ ድምፅ ማጉያ» ብለውታል አሉ። በገና አብራችሁ ስሙ። አሥሩ አውታሮች ያን የሚነዝር ድምፅ የሚሰጡት በአውታሩና በሚያርፍበት ድጋፍ መካከል ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባ ነው። አባቶቻችን ጥርት ያለ ድምፅ ማውጣት ተስኗቸው አልነበረም፤ ለጸሎት የሚሆነው የሚንቀጠቀጠው ድምፅ ነው ብለው መርጠውት እንጂ። ይህን ስትነግሪያቸው ላይረቱ ይችላሉ፤ ግን ልጃቸው እንዳልከዳቻቸው ይሰማቸዋል። በአንድ ነገር ግን እናትሽ ትክክል ናቸው፦ መዝሙር ብለሽ አትጥሪው። መዝሙር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና ፈቃድ የሚቆም ነው፤ አንቺ የምትሠሪው የራስሽ ጥያቄ የሚጮኽበት ዘፈን ነው፣ በስሙም ይጠራ። ከድጓም ሆነ ከቅዳሴ ዜማ ቆርጠሽ ጊታር ላይ አትለጥፊ። የቅዱስ ያሬድ ሦስቱ የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ፣ በልጅነትሽ ጆሮሽን ከቀረጹት ሳትጠሪያቸውም ይመጣሉ።

ወንድምሽን በተመለከተ ለስላሳ ቃል የለኝም። ዕቁቡን ከደመወዝሽ እየቀነስሽ የጣልሽው አንቺ ነሽ። ለእናትሽ በየወሩ የምትሰጪው አይቋረጥ፤ ከዚያ ያለፈ ዕዳ የለብሽም። «ቤተሰብ አይደለን ወይ» የሚለው ቃል የአንዲትን ሴት ልጅ ቁጠባ ለመውሰጃ ሲውል እኔ መረዳዳት አልለውም፤ ቅሚያ ነው። ባጃጅ በየቀኑ ገንዘብ የሚያስገባ ንብረት ነውና በብድር ይገዛል፤ እየሠራ ይከፍላል። ለአልበም ግን ማንም አያበድርሽም። ይህን ወንድምሽ ፊት ቁጭ ብለሽ፣ ሳትቆጪ፣ ገንዘቡ እጅሽ ከመግባቱ በፊት ንገሪው፤ ከገባ በኋላ ይሉኝታው ያሸንፍሻል። ከ200 ሺህ ብሩም ግማሹን ለክፉ ቀን አስቀምጪ።

ለአቀናባሪው አትፈርሚ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ስለ አባትሽ የጻፍሽው ያን ሁሉ ዘመን በሌላ ሰው ስም ሊጠራ ነው? ለቅንብሩ የሚገባውን ክፈዪው፣ ስሙ በአቀናባሪነት ይጻፍለት፣ ውሉም በወረቀት ይሁን። የቪዲዮ ክሊፑ ይቆይ። የጋብቻውን ነገር አልበሙ ሊያበላሽብሽ ይችላል ላሉሽም፣ ጊታርሽን የሚፈራ ሰው ቀድሞ መታወቁ ይሻላል።

የዕረፍት ማመልከቻሽን በዚህ ሳምንት ጻፊና ጊዜውን ዓቢይ ጾም ላይ አድርጊው። ሠርግ ስለማይኖር ድራም ተጫዋቾች ሥራ የሚፈቱበት ወቅት ነው፤ የፈለግሽውን ቀን ይሰጡሻል። በዋጋ ግን አትከራከሪያቸው። በዚያ ሰሞን እጅ ላይ የምትደርስ ገንዘብ ለሙዚቀኛ ምን እንደሆነች አውቃለሁ።