ከሞዴሉ በፊት ሕንፃውን እወቁት

የሕንፃዎችን የኃይል አጠቃቀም ለማጥናት ለተነሳችሁ ወጣቶች፣

በዓለም ላይ ለተጠቃሚ ከሚደርሰው ኃይል 30 በመቶ ገደማ የሚሆነውን የሚበሉት ሕንፃዎች ናቸው። ለማሞቂያ፣ ለማቀዝቀዣ፣ ለመብራት፣ ለሙቅ ውኃ። ስለዚህ የመረጣችሁት መስክ ትልቅ ነው። ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ስላሳለፍኩ አንድ ነገር አደራ ልላችሁ እፈልጋለሁ፤ ከሞዴሉ በፊት፣ ማለትም ፍጆታውን በኮምፒውተር ከመገመታችሁ በፊት፣ ሕንፃውን እወቁት።

ወረቀት ላይ ቆጣቢ የተባለ ሕንፃ፣ ሰው ሲገባበት ከተገመተው በላይ ኃይል ሲፈጅ ማየት የተለመደ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሞዴሉ ውስጥ አይገኝም። የማይዘጋ ቫልቭ ይሆናል፤ ሰዓቱ የተዛባ ታይመር ይሆናል። አንዳንዴም ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው አንድ ክፍል ውስጥ እየተጋፉ ነው።

እስቲ ከራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሕንፃ ምረጡና የሌሊቱን ፍጆታ እዩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ማንም የለም። ቆጣሪው ግን የቀኑን ግማሽ እያነበበ ከሆነ፣ የምርምር ጥያቄያችሁን አገኛችሁ። ከዚያ ቴክኒሻኑን ፈልጉና አብራችሁት ወደ ማሽን ክፍሉ ውረዱ። የትኛው ሴንሰር እንደሚዋሽ እሱ ያውቃል። ጥናቱ ሲወጣም አስተዋፅኦውን በስሙ ጻፉለት፤ ይገባዋል።

ለሕንፃው አየር የሚያዳርሰውን ማራገቢያ ልብ በሉ። ፍጥነቱን በ20 በመቶ ብትቀንሱት የሚስበው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ኃይሉ ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ስለሚሄድ (0.8 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 0.512 ነው)። ለ200 ሰው የተሠራ አዳራሽ ውስጥ 10 ሰው ሲቀመጥ ማራገቢያው በሙሉ አቅሙ የሚሽከረከርበት ምክንያት የለም። ሰው የሚተነፍሰውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ ሴንሰር ከተገጠመለት እንደ ሰዉ ብዛት ከፍና ዝቅ ይላል። ግን ተጠንቀቁ፤ ተማሪው አየር አጥቶ እያንቀላፋ የተገኘ ቁጠባ፣ ቁጠባ አይባልም።

ሂት ፓምፕ፣ ከውጭ አየር ወይም ከመሬት ሙቀት ስቦ ወደ ቤት የሚያስገባው ማሽን፣ ድንቅ መሣሪያ ነው። ሁኔታው ከተመቸው በ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ቢሆንም መጀመሪያ ግድግዳውንና መስኮቱን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1991 ጀርመን ዳርምሽታት ላይ የተጠናቀቁት የፓሲቭ ሃውስ ቤቶች (በጣም ትንሽ ማሞቂያ እንዲበቃቸው ታስበው የተሠሩ ቤቶች) ያሳዩት ይህንኑ ነው። ሙቀትና አየር እንደ ልብ የማያስወጣ ቤት ትንሽ ማሞቂያ ይበቃዋል። ነፋስ የሚያስገባ ቤት ላይ ትልቅ ማሽን መትከል ገንዘብ ማባከን ነው።

አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራትንም ቶሎ አትደግፉ። ሲሚንቶውና ብረቱ ሲመረት ከባድ ካርቦን ወጥቶበታል፤ እሱም ሂሳብ ውስጥ ይግባ።

በሁለት ሳምንት ዳታ ደግሞ አትደምድሙ። ወቅቶቹ ሁሉ እስኪፈራረቁ፣ ፈተናውም ዕረፍቱም እስኪያልፍ ቢያንስ ዓመት ለኩ። ስትመረቁም ለሕንፃው ማሽኖች የሠራችሁትን መቆጣጠሪያ አሠራር ለሕንፃው ሠራተኞች በሚገባቸው ቋንቋ ጽፋችሁ አስረክቡ። ካላወቁበት፣ መጀመሪያ ቅሬታ በመጣ ቀን ያጠፉታል። እነሱ ላይም አልፈርድም።