ካኖፒውን በዚህ ብርድ ልቁረጠው?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? ዴንቨር ነው ያለሁት፣ ጋራዥ ውስጥ አርቪ-7 አውሮፕላን እየሰራሁ ነው። ክንፉም ጭራውም አልቋል፣ አሁን የደረስኩት ተንሸራታቹ ካኖፒ ላይ ነው፣ ማለትም አብራሪው የሚቀመጥበትን ቦታ የሚሸፍነው መስታወት መሰል ክዳን። ፕሌክሲግላሱ (መስታወት የሚመስለው ፕላስቲክ) ከፋብሪካ የመጣው አንድ ወጥ ሆኖ ስለሆነ የፊት መስታወቱንና ወደ ኋላ ሚንሸራተተውን ለመለየት ለሁለት መቁረጥ አለብኝ፣ ከተሰነጠቀ ደግሞ ሌላ መግዛት ነውና እሱን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ጋራዤ ማሞቂያ የለውም። አንዱ ከብረት ፍሬሙ ጋር በሪቬት (በሚጨፈለቅ የብረት ምስማር) እሰረው ይለኛል ሌላው በሲካፍሌክስ (እንደ ጎማ በሚለጠጥ ማጣበቂያ) ለጥፈው ይለኛል፣ ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ በዚህ ብርድ እንዳትነካው። ፕሌክሲግላስ ማለት አክሪሊክ እኮ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ቶሎ ይሰነጠቃል ሲሞቅ ግን ትንሽ ይታገስሃል። ቢያንስ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፣ እናንተ ጋ 77 ፋራናይት መሆኑ ነው። ሂተር ተውሼ አሞቃለሁ ካልክም አየሩ ሞቀ ማለት ፕላስቲኩ ሞቀ ማለት አይደለም፣ ለሰዓታት ይቆይ ከዛ ትጀምራለህ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው፣ ይሄን ሁሉ ጽፈህ ፕሌክሲውን ስለሚሸከመው ፍሬም ብዙም አላነሳህም። የስላይደር (የተንሸራታች ካኖፒ) ጣጣ ያለው እኮ እዛ ነው። ከብረት ቱቦ የተበየደ ስለሆነ ካንተ ፊውዝላጅ (የአውሮፕላኑ አካል) ጋር ልክክ ብሎ አይመጣም፣ ስለዚህ ፕሌክሲው ሳይኖር ፍሬሙን ብቻውን አስገባው፣ ሁለቱን የጎን ሮለሮች ትራካቸው ውስጥ የኋላውን ደግሞ መሃል ጀርባው ላይ ባለው ሃዲድ፣ ከዛ ወዲያ ወዲህ ግፋው፣ የሚይዝ ነገር ካለ አሁኑኑ ይታይሃል። ቀጥሎ ዝጋውና ቀጥ ያለ ጣውላ በሮል ባሩና (አውሮፕላኑ ቢገለበጥ ጭንቅላትህን የሚጠብቀው የብረት ቅስት) በፍሬሙ የፊት ቅስት ላይ አጋድም። አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካለ ፕሌክሲው ከተቆረጠ በኋላ የፊት መስታወቱና ካኖፒው መገናኛ ላይ ደረጃ ይፈጠራል፣ ነፋስም ዝናብም በዛ ይገባልሃል። ጎኑ ሰፋ ወይ ጠበብ ካለም እንጨት ደግፈህ እየለካህ በትንሽ በትንሹ አቃናው። ሳምንታት ቢበላብህ አይግረምህ፣ ፕሌክሲው ከታሰረ በኋላ ፍሬም ማቃናት የሚባል ነገር የለም።

ወደ መቁረጡ ስንመጣ ጥርስ ያለው መጋዝ አታስጠጋ፣ ትንሽ ግራይንደር ላይ ሚገጠም ፈጭቶ ሚቆርጥ ዲስክ ነው ሚያስፈልግህ። መጀመሪያ ዳር ዳሩን ሚጣለውን ትርፍ ቁረጥ፣ እጅህን ምታፍታታው በሱ ነው። ትልቁን ስትቆርጥ ሁለቱንም ወገን ደግፍ፣ ካለፍክበት ቦታ ላይ ፕላስተር እየለጠፍክ ሂድ፣ አለበለዚያ መጨረሻው ላይ በራሱ ክብደት ይገነጠላል። ከዛ ዳሩን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት በርዝመቱ አቅጣጫ ጥረገው። በጥፍርህ ስትዳስሰው ሚይዝህ ጭረት ካለ ነገ ስንጥቁ ሚጀምረው ከሱ ነው። የብረት ፑንታም አትጠቀም፣ በወዲያ በኩል ሊወጣ ሲል ነክሶ ይስበዋል፣ ለፕላስቲክ የተሰራ ፑንታ ግዛና ከስር እንጨት ደግፍ።

ሪቬት ወይስ ሲካ ላልከው፣ 1 ሜትር አክሪሊክ በ40 ዲግሪ ልዩነት ወደ 2.8 ሚሊሜትር ይለጠጣል፣ ብረቱ ግን ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ። ዴንቨር ደግሞ በጥርና በሐምሌ መሃል ያለውን ልዩነት አንተው ታውቀዋለህ። በሪቬት ካሰርከው ቀዳዳው ከሪቬቱ ሰፋ ብሎ መንቀሳቀሻ ሊኖረው ይገባል፣ አጥብቀህም አትጭነው። ሲካፍሌክስ 295 ዩቪ ግን አብሮ ይሳባል፣ ቀዳዳም አያስፈልገውም፣ እኔ ብሆን እሱን ነው ምመርጠው። ችግሩ 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ይፈልጋል፣ ፍሬሙን ስታስተካክል ይሄን ክፍተት አስበህበት መሆን አለበት፣ የፋብሪካውን ፕራይመር (ከማጣበቂያው በፊት የሚቀባውን)ና የማድረቂያ ሰዓት አትዝለል፣ በስህተት ከለጠፍከው ደግሞ ማላቀቁ ፍዳ ነው።

ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚደረግ ማጣበቂያ) ፕሌክሲው አጠገብ ባለ ብሎን ላይ እንዳታደርግ፣ አክሪሊክን ይሰነጣጥቃል። አሴቶን፣ ቤንዚን፣ አሞኒያ ያለው የቤት መስታወት ማጽጃም እንደዛው፣ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል። የኋላ ስከርቶቹ (የካኖፒውን የኋላ ዳር ከአካሉ ጋር የሚገጥሙት ሽፋኖች) የራሳቸው ራስ ምታት ናቸውና እዛ ስትደርስ ከፎቶ ጋር ጻፍልኝ።